«የአባታችንን ፒክአፕ በኪሎ ሊሸጡት ነው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የፍቅር አይደለም። የመኪና ነው። ሆኖም ወንድምና እህት ሰላምታ እንዲነፋፈጉ ያደረገ መኪና ስለሆነ ለዚህ ዓምድ ባዕድ አይሆንም።

ጸሐፊዋ የ36 ዓመት ሴት ስትሆን የምትኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ ወደ ተራራው ከፍ ብሎ ነው። ረጅሙን ደብዳቤ ላሳጥረው፦ «አባታችን በዚህ መኪና አጣናና ድንች እያመላለሰ ነው ሦስታችንን ያሳደገን። ካረፈ 9 ዓመት ሆነው። መኪናው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ሰፈሩ ላንድሮቨር ይለዋል፣ ወንድሜ ቶዮታ ነው ይላል። ባለፈው ወር ደላላ መጥቶ አየና ሊብሬው ቤንዚን ይላል፣ ሞተሩ ግን ናፍጣ ነው፤ ይሄ ነገር የተሰረቀ ሳይሆን አይቀርም፤ ፖሊስ ሳይሰማ በኪሎ ልውሰድላችሁ አለ። ትንሹ ወንድሜ ወደ ውጭ ለመሄድ ገንዘብ ስለሚፈልግ እሺ ብሏል። እናታችን ታለቅሳለች። እኔ አሠርቼ ማቆየት እፈልጋለሁ። ጋራዥ ሄጄ ስጠይቅ ግን ‹ወንድ ላኪ› ብለው ሳቁብኝ። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ የሳቁብሽ ሰዎች ያፍሩበት እንጂ አንቺ አትፈሪበት። እኔም መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ ዕድሜውን ከእንደዚህ ዓይነት መኪኖች ሥር ተኝቶ የጨረሰ አንድ ጋሼ ይዤ ግቢሽ ድረስ መጣሁ። እናትሽ ያፈሉልን ቡና አሁንም ከአፌ አልጠፋም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

መጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። ጋሼ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ ሲያስጠጋው ጥብቅ ብሎ ያዘ። «ላንድሮቨር አይደለም፣ አለቀ» አለ። የድሮው ላንድሮቨር አካሉ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አይዘውም። እሱን የሚበላው ዝገት ከታች ሻንሲው ላይ ነው። የናንተው ግን ሙሉ ላሜራ ነው። ኮፈኑን ከፍተን ከሞተሩ ኋላ ካለው ግድግዳ ላይ አቧራውን ስንጠርግ ትንሿ የብረት ሰሌዳ ወጣች፦ ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ኤፍጄ45።

ይህች ኮድ ብዙ ትናገራለች። ኤፍ የሞተሩ ስም ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን። ኤች ቢሆን ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቢ ቢሆን ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ይሆን ነበር። 40 የሚለው አጭሩ ነው፣ 45 ረጅሙ። ረጅሙ ፒክአፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተሠርቷል፤ 40ዎቹ በ1984 በ70ዎቹ ተተኩ። የአባትሽ ማርሽ ባለ አራት ሆኖ ከወለሉ ላይ ነው የሚወጣው። መሪው ሥር የተተከለ ባለ ሦስት ማርሽ ቢሆን ኖሮ ከ1974 በፊት የተሠራ ነው እንል ነበር።

ታዲያ ኤፍ ከሆነ ቤንዚን መሆን ነበረበት አይደል? ሞተሩን ስናይ ካንዴላ የለም፣ ካርቡራተር የለም። ፖምፓ አለ፤ ከፖምፓውም 6 ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወጥተዋል። ናፍጣ ነው። ደላላው እዚህ ላይ አልዋሸም። የዋሸው ትርጉሙ ላይ ነው።

ቶዮታ ራሱ በዚሁ አካል ላይ ናፍጣ ሞተር እየገጠመ ኤችጄ45፣ ከ1980 በኋላም ኤችጄ47 ብሎ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው 3.6 ሊትር፣ ሁለተኛው 4.0 ሊትር ነው። ስለዚህ የቤንዚኑ ሞተር ሲያረጅ ወይም ነዳጁ ኪስ ሲያራቁት የናፍጣውን ፈልጎ መግጠም ለባለሙያ ከባድ ሥራ አልነበረም። 4 ሊትር ገደማ የሆነ ቤንዚን ሞተር አጣና ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚጠጣውን አስቢው! አባትሽ ያደረጉት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን ነው። የቀረው ነገር ለውጡን ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪና ተሰረቀ አልተሰረቀ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በዚህ መኪና ላይ ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ በሻንሲው ውጭ ጎን ላይ ነው። ጭቃና ቅባት ይሸፍነዋል። ጋሼ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲያነብ አንቺ ሊብሬውን ይዘሽ ትከተይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ገጠመ። እናትሽ እልል ያሉት ያን ጊዜ ነው። ደላላው ይህን ቁጥር ሳያይ ነው «ፖሊስ» የሚለውን ቃል ያወጣው። ለምን ይመስልሻል? ያስፈራችሁትን ነገር በርካሽ ትሸጡታላችኋ!

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቁጥሩን አስተካክዬ እመታልሃለሁ» የሚል ሰው ለወንድምሽ መጥቶለት እንደነበር ነግረሽኛል። በፍጹም! ቁጥር መፋቅና መምታት ወንጀል ነው፤ ዛሬ ንጹሕ የሆነውን መኪና በአንድ ከሰዓት የተሰረቀ ያስመስለዋል። ሕጋዊው መንገድ የሞተር ለውጡን የተሽከርካሪ ፈቃድ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ነው። አባትሽ ደረሰኝ የሚያስቀምጡበት ሣጥን አለ ብለሻል። ፈትሺው። ሞተሩ ሶማሌ ተራ ይገዛ፣ ከጋራዥ ይምጣ፣ አንድ ወረቀት ብታገኚ ብዙ ምልልስ ታተርፊያለሽ።

ከዚያ በፊት ግን የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሰጡት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። 9 ዓመት ሙሉ ይህን አለማድረጋችሁ ይገርመኛል። መኪናው በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው። ኑዛዜ ከሌለ የቀረው ግማሽ ለሦስታችሁ እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ትንሹ ወንድምሽ ያለው ድርሻ ከስድስት አንድ እጅ ነው። ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። አንቺም ብቻሽን «አይሸጥም» ልትይው አትችይም፤ ድርሻው ድርሻው ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቸኩሏል። በኪሎ ሒሳብ አንድ ስድስተኛው ከአውሮፕላን ቲኬት ሩቡን እንኳ እንደማይሞላ ቁጭ ብላችሁ አስሉለት። ከዚያ በቆመበት ሁኔታ በባለሙያ አስገምቱና ድርሻውን ግዢው፤ በአንድ ጊዜ ካልሆነ በሁለት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያለውን መኪና ለቆራሌው መስጠት ለእኔ ጨርሶ አይዋጥልኝም።

ጥገናውስ? ሰው ሁሉ ከቀለም ይጀምራል። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ መኪናው አይንቀሳቀስም። አንቺ ከታች ጀምሪ። ጋሼ ሻንሲውን በመዶሻ እያንኳኳ ከፊት እስከ ኋላ ሄዷል፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጤነኛ ነው፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ተበልቷል። የናንተው ከኋላ ባሌስትራው ከሚያያዝበት አጠገብ አንድ ቦታ ብቻ ድፍን ብሏል። እሱ ይበየዳል። የጫማው ወለል ግን እንደ ወንፊት ስለሆነ በአዲስ ላሜራ መተካት አለበት።

ሞተሩን ማንም ሰው ባትሪ አምጥቶ «ሞክረን እንየው» እንዳይልሽ። 9 ዓመት የቆመ ሞተር በድንገት ከተነሣ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይፍቃል። መጀመሪያ አሮጌው ዘይት ይውጣ፤ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግና ይደር፤ በማግሥቱ በእጅ በቻቬ ይዞር። ታንከሩ ወርዶ ይታጠብ፣ ምክንያቱም ያ ናፍጣ አሁን ናፍጣ አይደለም፣ ዝቃጭ ነው፤ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ወጪሽ እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ጎማዎቹ ሁሉ ይቀየሩ። ጥርሳቸው አላለቀም ብለሽ በነዚያ በተሰነጣጠቁ ጎማዎችም አትሂጂ። እዚያ ዳገት ላይ የምትኖሪ ሰው ለፍሬን ሳትከፍይ ለሞተር እንዳትከፍይ።

ሲነሣ ጭስ ያስደነግጥሻል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፣ ያሳስባል። ጥቁር ግን ወደ እንጦጦ ስትወጪ ቢመጣ ሞተሩ ሞቷል አትበይ፤ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ስለሚሳሳ ያለ ተርቦ የሚሠራ ናፍጣ መጨሱ አይቀርም። አራቱ ጎማ አብሮ የሚጎትትበትን ማርሽ በጭቃ ሞክሪው እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተሽ አትጠምዝዢ፤ ዲፈረንሲያሉን ያስጨንቀዋል።

«ወደ ቤንዚን ልመልሰው ወይ?» ላልሽው፣ ምን በወጣሽ! አባትሽ የነዱት ናፍጣውን ነው።

እስከዚያው የሻንሲውን፣ የሞተሩንና የሰሌዳዋን ቁጥር በሞባይልሽ ፎቶ አንሺና ለሦስታችሁም ይላክ። ሊብሬው ከእናትሽ ዘንድ ይቀመጥ። ደላላው ተመልሶ ከመጣ በር ላይ አነጋግሪው።