መኪና ሀይዌይ ላይ ሲበላሽ

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2019 ኮሎራዶ በከባድ የበረዶ ማዕበል ተመትታ ነበር። በዚያ ዕለት የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ባልደረባ ኮርፖራል ዳንኤል ግሮቭስ፣ በሀይዌይ 76 ላይ ከመንገድ የወጣ አሽከርካሪ ሲረዱ ሌላ መኪና ገጭቷቸው ሕይወታቸው አለፈ። ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ሰው እንዲህ ከሆነ ሌላው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖረው ሐበሻ መኪናው ሲበላሽ አስቀድሞ የሚደውለው ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው ነው። የተደወለለትም ሥራውን ጥሎ ይደርሳል፤ ከኋላ ያቆማል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ኮፈኑን ከፍቶ መመርመር ይጀምራል። ደግነቱ የሚያስመሰግን ነው። በሀይዌይ 70 ወይም 225 ዳር ግን የአንዱን ሰው አደጋ የሦስት ሰው ያደርገዋል።

ስለዚህ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም አሽከርካሪው በቅርቡ መውጫ ይውጣ፤ ካልቻለ የቀኙን ዳር ይያዝና አራቱንም ፍሬቻ ያብራ። የሚወርድ ከሆነ በቀኝ በር ወርዶ ከብረት አጥሩ ወዲያ ይራቅ፤ በሁለት መኪኖች መካከል ከቶ አይቁም። ደህና መቆሚያ ከሌለ ቀበቶውን አስሮ ውስጥ ይቆይ። አደጋ ካለ 911፣ ለክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ደግሞ ከሞባይል የኮከብ ምልክትና 277 ይደወላል።

በረዶ ከሆነ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የጭስ ማውጫው ይጽዳ፤ ከታፈነ ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከ2023 ወዲህ በኮሎራዶ ሕግ፣ ፍሬቻ አብርቶ የቆመ መኪና ያየ አሽከርካሪ ሁሉ ሌይን መቀየር፣ ካልቻለም ፍጥነት መቀነስ አለበት። ሕጉን የማያከብር ግን አይጠፋም። ለወንድምም ይደወል፤ የሚጠብቀው ግን ከመውጫው ባሻገር፣ ነዳጅ ማደያ ይሁን።