የአገር ጉብኝትና የልማት ዕቅድ

ከ2013 እስከ 2022 ዓመተ ምሕረት የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የዐሥር ዓመት የልማት ዕቅድ የአገር ጉብኝትን ከእርሻና ከማዕድን ጋር ከዋኖቹ የሀብት ምንጮች አንዱ አድርጎ መቍጠሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያው በ2013 ዓመተ ምሕረት በሰሜን ጦርነት ስለ ተነሣ፤ በላሊበላ በእንግዳ ይተዳደሩ የነበሩት የማረፊያ ቤት ባለቤቶችና መንገድ መሪዎች ገቢያቸው ተቋረጠ። ከዚህም የሚታየው ሰላም ከሌለ መንገድና ሆቴል ብቻ እንግዳ የማያመጣ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የሥራው ውጤት ሲመዘን የእንግዶች ቍጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከገባውም ገንዘብ ከአለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ለመጠገን ምን ያህል እንደ ዋለ መመርመር ይገባል። ሹማምንት ሒሳቡን በግልጥ ቢያስረዱ፤ ካህናትም ቅርሱን በመዝገብ ጽፈው ቢጠብቁ፤ ዕቅዱ ከወረቀት ወደ ሥራ ይተላለፋል። ዛፉን ሳይንከባከቡ ፍሬውን ብቻ መቍጠር ግን ነገ ባዶ እጅ ያስቀራል።