በኪስ ስለሚያዘው ሞደም



ሴቻ በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ልናነብ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረብን። አፋችንን ሳንከፍት ድምፅ ማጉያው ድርር፥ ድርር፥ ድርርር እያለ ጮኸ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ አንዳንዶችም አማተቡ። ማጉያውን የሚጠብቀው ወጣት ሮጦ መጥቶ ገመዱን ሁሉ ቢነካካ ጩኸቱ አልቆመም። በመጨረሻ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ በትሕትና፥ «መምህር፥ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?» አለን። ከነጠላችን ሥር በኮታችን ኪስ የነበረው ለትምህርት ቤት ሥራ የምንይዘው የኢንተርኔት ሞደም ነበር። ይህን ያህል ዘመን ሳይንስ ስናስተምር ኖረን በዚያ ቀን ማፈራችንን አንሸሽግም።

ነገሩ በእኛ ማፈር ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን አንድ አዛውንት ቆመው ጠበቁን። እኒህ አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄደው፥ ሐኪሞች ፔስሜከር የሚሉት የልብ ምት ማስተካከያ በደረታቸው ተተክሎላቸዋል። «መምህር፥ ይህ ነገር ድምፅ ማጉያውን እንዲህ ካስጮኸው የእኔን ልብማ ምን ያደርገው ይሆን?» አሉን። የልጅ ልጃቸው በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከዚህ በፊትም ፍርሃት አድሮባቸው ሞደሟን ከቤት አስወጥተውባት ስለ ነበር፥ ልጅቱ ሌሊት ሌሊት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታጠና ኖሯል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነበር። ሞደም እንደ ቀድሞው የቤት ሬዲዮ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ ይናገራልም። ይኸውም ሞገድ ከመቀበሉ ሌላ ራሱ ወደ ቴሌው ማማ ሞገድ ይልካል። በ4ኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲሠራ የሚልከው ኃይል ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ግን ብዙዎቹ ሞደሞች ወደ 2ኛው ትውልድ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ለቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ አላላኩም በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው። ሞገዱ ራሱ በጆሮ አይሰማም። መቆራረጡ ግን በማይክሮፎኑ ገመድ ሲገባ ድምፅ ይሆናል። ያማተቡት ምእመናን የሰሙት ይህንኑ 217 ነበር።

ደግሞም ወደ ጨንቻ በሚወጣው ተራራማ መንገድ እንደሚሆነው፥ ማማው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርድ፥ ሞደሙ ከሸለቆ ማዶ ያለውን ሰው እንደሚጣራ እረኛ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ስለ ልባቸው ላነሡት ጥያቄ ዋናው ነገር ርቀት ነው። ፔስሜከር በብረት የተሸፈነና ባዕድ ሞገድን የሚያጣራ ሆኖ ይሠራል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከእርሱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ይገባል። ይህ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ስለዚህ በደረት ኪስ አይያዝ፥ ደረት ላይም ተደግፎ አይተኛበት እንጂ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ መኖሩ አያሰጋም። የተከላቸውን ሐኪምም እንዲጠይቁ ነገርናቸው።

ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሞደሙን እንዲያጠፋ የሚነገረውም ያው ጩኸት በአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ሊገባ ስለሚችል ነው። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በሚፈነዳበት ስፍራ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ሞገዱ በኤሌክትሪክ በሚለኮስ ፈንጂ ሽቦ ላይ ኃይል ሊፈጥር ይችላልና በዚያ አጠገብ መብራት የለበትም።

ካንሰር ያመጣል ወይ የሚሉንም ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ወገን መድቦት ነበር። በዚያው ወገን በዚያ ዘመን ቡናም ነበረበት፤ ከዚያ የወጣው በ2016 ነው። ስለዚህ ተብሎ ግን ጀበናውን የጣለ አላየንም። በ2024 በዓለም የጤና ድርጅት ጥያቄ የተደረገ ሰፊ ግምገማ የእጅ ስልክ መጠቀም ከአንጎል ካንሰር ጋር መያያዙን አላገኘም።

ይህን ሁሉ ተናግረን ሞደሙን እናየው ዘንድ ከአዛውንቱ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። ልጅቱ ሞደሙን ከአያቷ ለመሸሸግ ስትል ትራስ ሥር ከትታ ቻርጅ ታደርገው ኖሯል። ብናነሣው ጀርባው እንደ ነፋ ዳቦ አብጧል፤ እጅም ያቃጥላል። አዛውንቱ በማይጎዳቸው ሞገድ ሲሸበሩ፥ ቤቱን በሙሉ ሊያቃጥል የሚችለው ባትሪ ከፍራሽ ላይ ተኝቶ ነበር። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ይበላሻል፤ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ መሙላት በአብዛኛው አይፈቀድም። በአርባ ምንጭ የየካቲትና የመጋቢት ፀሐይ በመኪና መስተዋት ሥር የተረሳ ሞደም ከዚህ ያልፋል። ያበጠውን ባትሪ መብሳት፥ መጫን፥ ወደ ምድጃ መጣል ክልክል ነው። እኛም ወዲያው ነቅለን፥ ከሚነድ ነገር አርቀን ደጅ በድንጋይ ላይ አኖርነው፤ በማግሥቱም ልጅቱ ወደ ጥገና ቤት ወሰደችው።

ዛሬ ባትሪው ተለውጦ ሞደሙ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቱም ቤት ውስጥ ታጠናለች። አዛውንቱ ማታ ማታ ወንበራቸውን ወደ እርሷ ከማስጠጋታቸው በፊት በስንዝራቸው ይለካሉ። አንድ ስንዝር ብለናቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሦስት ይለካሉ።