የፈረስ ጉልበት ክርክራችን

“የኔ መኪና 120 ፈረስ ጉልበት አላት!” “የኔዋ 150!” በዚህ ክርክር ስንት ማኪያቶ ጨረስን? ለመሆኑ ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ፈረስ ጉልበት የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) በዙሩ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈው 120 የሚመጣው ብዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ 6000 ዙር አካባቢ ነው። እኛ ግን በ4ኛ ማርሽ፣ በ1500 ዙር ዳገት እንጀምርና “መኪናዋ ደከመች” እንላለን። አልደከመችም፤ ማርሽ ቀንሱላት! ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ፍጥነት ቀንሶ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ግፊት ያበዛል፣ ሞተሩንም ጉልበቱ ወዳለበት ዙር ያወጣዋል።

ሌላም ጉድ አለ። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። ጎማውን ሮለር ላይ አሽከርክሮ ጉልበት የሚለካው ዳይኖ ደግሞ ውጤቱን ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል አየር አስተካክሎ ነው የሚያወጣው። ወረቀቱ 120 ይላል፤ ዳገቱ ላይ ያለችው ግን 90ዋ ናት።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ለቁጥር ብለን ብር አንጨምር። ሰው ጭነን እንጦጦን እናስወጣት። መልሱን ዳገቱ ይነግረናል።