ላብራቶሪ እስኪመጣ ሎሚና ባዶ ሃይላንድ አለ

«አሲድ እና ካርቦኔት ሲገናኙ ጨው፣ ውሃ እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣሉ።» ይህችን መስመር ደብተሩ ላይ ያልገለበጠ ተማሪ የለም። አረፋው ሲነሳ በዓይኑ ያየው ግን ስንቱ ነው?

«ላብራቶሪ የለንም» ይባላል። በብዙ ቦታ እውነት ነው። በሰሜን ወሎ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጦርነት ለትምህርት ቤትም አልራራም። ላብራቶሪ መጠየቅ መብት ነው፤ ማሟላትም የመንግሥት ግዴታ ነው። ይሄ ሙከራ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ገነተ ማርያም ላይ ያለ አንድ ክፍል እናስብ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ይገባል። ፊኛ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይደረግና የጠርሙሱ አፍ ላይ ይገጠማል። ፊኛው ቀና ሲል ሶዳው ይወርዳል፣ አረፋው ይነሳል፣ ፊኛው ይነፋል። የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠርሙሱን ግን በክዳን እንዳትዘጉት፣ ሊፈነዳ ይችላል። የባትሪ አሲድም በፍጹም አይነካም።

«ይሄማ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ጨዋታውን ሳይንስ የሚያደርገው ጥያቄው ነው። የእንቁላል ቅርፊት እንዳለ እና ተፈጭቶ አቼቶ ውስጥ ቢገባ የቱ ቶሎ አረፋ ያወጣል? ለምን? ጠመኔስ? አንዳንዱ ጠመኔ ከጂፕሰም ስለሚሠራ ዝም ይላል፤ ካርቦኔት የለውማ።

ድንጋይም ይጠየቃል። በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደታነጸ የሚነገርለት የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። እንዲህ ያለው አለት አሲድ ቢነካው አብዛኛውን ጊዜ አረፋ አያወጣም። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ግን ያወጣል። ጂኦሎጂስቶች ለመስክ ሥራ ሲወጡ ትንሽ ጠርሙስ አሲድ የሚይዙት ለዚህ ነው። እናንተ ከመንገድ ዳር ባነሳችሁት ጠጠር ሞክሩ። ቅርሱ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ነውር ነው።

ነገሩ ከክፍል ውጭም ያስፈልጋል። በጎጃምና በአዊ አርሶ አደሩ አሲዳማ መሬቱ ላይ ኖራ የሚበትነው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው፤ የተፈጨው የኖራ ድንጋይ የአፈሩን አሲድ ይቀንሰዋል፣ ሰብሉም ይሻለዋል። የእንቁላል ቅርፊቱን ፈጭቶ ያየ ልጅ ኖራው ለምን ደቆ እንደሚበተን ለአባቱ ማስረዳት አያቅተውም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንድ ፊኛም አይፈታውም። ሽምደዳ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብለን እናምናለን። ሽምደዳን የሚሰብረው ደግሞ ማየትና መጠየቅ ነው።

ስለዚህ መምህራን ለዚህ ሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡት። ፈተና የሚያወጡትም ቀመሩን ብቻ ሳይሆን «ምን አያችሁ? ለምንስ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። እናንተ ደግሞ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ሞክሩትና በስሎው ሞሽን ቅረጹት። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አረፋው ለምን እንደመጣ በራሳችሁ ቃል አስረዱበት። ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ድገሙት። ሎሚው ርካሽ ነው።