ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ፣ ፖምፔያ በሚባለው ሠፈር፣ በርሜል ይመረትበት የነበረ አሮጌ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሊና ቦ ባርዲ የተባለችው አርክቴክት ግቢውን ለማየት ሄደች። መጀመሪያ ዓይኗን የሳበው ሕንፃው ነበር፤ ቀጫጭኑ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩት አዳራሾች። ሌላ ጊዜ በዕለተ ቅዳሜ ስትመለስ ግን ያገኘችው ሌላ ነገር ነው። ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ጎረምሶች ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ያቆረው ውኃ ላይ እያረፈች ስትረጫቸው ይሳሳቃሉ። እናቶች በሩ አጠገብ ሥጋ ይጠብሳሉ። ጥግ ላይ የአሻንጉሊት ቲያትር ይታያል፤ ልጆች ከበውታል።

በወረቀት ላይ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሠፈሩ ሰው ግቢ ነበር። ሊናም የእሷ ሥራ ይኼ የተጀመረው ነገር እንዲቀጥል ማድረግ እንደሆነ ወሰነች። ሕንፃውን አላፈረሰችም። ልስኑን አስፍቃ ጡቡን አወጣችው፣ ቢሮዋን እዚያው ግቢ ውስጥ ከፈተች፣ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ ጋር ዓመታት ዋለች። በትልቁ አዳራሽ ወለል ላይ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ጥልቀት የሌለው ውኃ አስገባች፤ አጠገቡ ማንበቢያ፣ ቼዝ መጫወቻ፣ የእሳት ምድጃ አለ። ሌሎቹ አዳራሾች የሸክላ፣ የሽመና፣ የእንጨት ሥራና የፎቶግራፍ መማሪያ ሆኑ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፈተ፤ የስፖርት ሕንፃው በ1986 ተጨመረበት። መሬቱ ሥር የጎርፍ መውረጃ ስላለ መሀሉ ላይ መገንባት አልተቻለም። ስለዚህ ሁለት የኮንክሪት ማማ ግራና ቀኝ ቆመው በአየር ላይ በድልድይ ተያያዙ። መጫወቻው በአንደኛው፣ ልብስ መቀየሪያው በሌላኛው ነው። አንድ ልጅ ቱታውን ለብሶ ኳስ ለመጫወት ሰማይ ላይ መሻገር አለበት። ከዚህ የበለጠ ወጣትን የሚስብ መግቢያ በር የት ይገኛል?

አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተሞች ውስጥ ባዶ ሕንፃ ሲባል ቶሎ ዓይን ላይ የሚመጣው ጅምሩ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆመ፣ ፌሮው ወደ ሰማይ የቀረ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ አንድ ዘበኛ ላስቲክ ወጥሮ የሚጠብቀው። ባለቤቱ ብድር ላይ ነው፣ ወይ ወራሾቹ ፍርድ ቤት ናቸው፣ ወይ ሲሚንቶ ተወድዶበታል። የሠፈሩ ልጆች ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ አስፋልት ዳር፣ ፀሐይ በበላው ሸራ ሥር ጆተኒ ይጫወታሉ። እውነቱን ለመናገር ጅምር ሕንፃ ለልጅ አይሆንም። መከለያ የለውም፤ ደረጃው ገደል ነው። ባለቤትነቱም ያከራክራል። መጀመር ያለበት ባለቤቱ ከሚታወቀውና ጣሪያው ካልወደቀው ነው፤ ከመንግሥት መጋዘን፣ ከተዘጋ የጥገና አዳራሽ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ለስብሰባ ብቻ ከሚከፈተው የቀበሌ አዳራሽ።

ሐሳቡ ከውጭ የመጣ የሚመስለው ካለ ስድስት ኪሎን ያስታውስ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተገደሉት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲው እዚያው ተመረቀ። ደም የፈሰሰበት ቤት የወጣቶች መዋያ ሆነ። ዛሬ የንጉሡ መኝታ ክፍል የሙዚየም አካል ነው፤ ውጭ ደግሞ ተማሪው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ማስታወሻውን ያገላብጣል። ቤተ መንግሥት ለተማሪ ከተሰጠ፣ የእህል መጋዘን ለሠፈር ልጅ የማይሰጥበት ምክንያት ምን ይሆን?

ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ያለበት ቦታ ድሬዳዋ ነው። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ ተቆረቆረች። ሸሚንደፈር የሚባለው የባቡር ድርጅት ለድሬ ሰው መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም። ትውልድ ቶርኖ የተማረበት፣ በፈረንሳይኛ አፉን የፈታበት ትምህርት ቤትም ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አሮጌው ጣቢያና የጥገና አዳራሾቹ ግን እዚያው ከዚራ፣ መሀል ከተማ ናቸው። ማሽኖቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ አሮጌ ፉርጎና ሞተር ተሰልፏል። ጎብኚ አስፈቅዶ ገብቶ ፎቶ አንስቶ ይወጣል።

ሙዚየም ይሁን የሚል አለ፣ ተገቢ ነው። ግን ለሙዚየም አንድ አዳራሽ ይበቃዋል። የቀረው ቦታ ወጣቱ ብረት የሚቆርጥበት፣ ሙዚቃ የሚለማመድበት፣ ከድሬ ሙቀት ተጠልሎ የሚያነብበት ቢሆን ቅርሱ ምን ይጎድልበታል? ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አባቶች ከተማው ውስጥ አሉ። እነሱን በሳምንት ሁለት ቀን ጠርቶ አበል መክፈል አዲስ ማሠልጠኛ ከመገንባት ይረክሳል። ከዚያም በላይ፣ የሚያስተምሩት በኖሩበት ማሽን ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። የወጣት ማዕከል የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባቸው ግቢዎች በየከተማው ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ የሚለው ቅሬታ በየስብሰባው ሲነሳ የኖረ ነው። አንዱ ክፍል ለጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ለኪራይ፣ ሜዳው ለመኪና ማቆሚያ። ታዲያ አሮጌ ሕንፃ መጨመር ምን ይፈይዳል?

ችግሩ የሕንፃ እጥረት እንዳልነበረ ይኼው ቅሬታ ራሱ ይመሰክራል። ሪባን ለመቁረጥ በጀት ይገኛል፤ ለመብራትና ለውኃ፣ ለጽዳት ሠራተኛ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ለሚቆይ ዘበኛ ግን የለም። ፖምፔያን ለአርባ ዓመት ክፍት ያደረገው የሊና ጥበብ ብቻ አልነበረም። ግቢውን የሚያስተዳድረው ሴስክ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1946 ሲመሠረት ገቢው አብሮ ተደነገገለት፤ የንግድና የአገልግሎት ድርጅቶች ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ 1.5 በመቶ እያሰቡ ያስገቡለታል። በየዓመቱ ደጅ አይጠናም። ለንደን ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1847 ለባቡር ሞተር ማዞሪያ የተሠራው ራውንድሃውስ የተባለ ክብ ሕንፃ በኋላ የአልኮል መጋዘን፣ ቀጥሎም የሙዚቃ አዳራሽ ሆኖ በ1983 ተዘጋ። ከአሻንጉሊት ንግድ ሀብት ያፈሩት ቶርኪል ኖርማን በ1996 ገዙትና በ2006 እንደገና ተከፈተ። ላይኛው አዳራሽ ኮንሰርት ያስተናግዳል፤ ከሥሩ፣ ጡብ በጡብ በሆነው ምድር ቤት፣ የሠፈር ወጣቶች ሙዚቃ የሚቀርጹባቸው ስቱዲዮዎች አሉ። የላዩ ገቢ ለታቹ ይተርፋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የትኛው ያዋጣል? ምናልባት ሁለቱም በየልካቸው። አዳራሹ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ተከራይቶ በሥራ ቀናት ለልጆቹ ቢከፈት የሚጠላ የለም፤ ብቻ የኪራዩ ገንዘብ ወደ ሌላ ቋት እንዳይፈስ በደንብ ተጽፎ ይቀመጥ። ቁልፉም ከኃላፊው መሳቢያ ወጥቶ ሠፈሩ ከመረጣቸው ሁለት ሰዎች ጋ ይሁን፤ አንዷ ሴት ትሁን።

ዲዛይኑ ይቆየን። አንድ የተዘጋ አዳራሽ መርጦ ለሦስት ወር በሳምንት ሦስት ቀን በሩን መክፈት ብዙ ወጪ የለውም፦ ሁለት ትልልቅ አምፖል፣ ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ የዘበኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ። ከዚያ አንድ ሰው ደብተር ይዞ በር ላይ ይቀመጥ። ስንት ልጅ ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ኳስ ይዞ ነው ወይስ ደብተር፣ የትኛውን ጥግ ወደደው። በተለይ ደግሞ ሴቶቹ ልጆች ስንት ሰዓት ላይ ተነሥተው እንደሚሄዱ ይጻፍ። ሲመሽ የሚሄዱ ከሆነ መብራቱ ከአዳራሹ አልፎ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ድረስ መዘርጋት አለበት ማለት ነው።