የአራት ሚሊ ሜትር ዕዳ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ይመለከታል፣ ወንበሩን ይዳብሳል፣ ሊብሬውን አገላብጦ ዋጋ ይጠራል። ደላላውም «የዶክተር መኪና ናት፣ እጅ አልነካትም» ሲል ያጅበዋል። ከመኪናዋ ሥር አጎንብሶ መሪውን ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያያይዙትን የታይሮድ ጫፎች በእጁ የሚነቀንቅ ገዢ ግን ከስንት አንድ ነው። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለሚያብረቀርቀው ነው። ገንዘብ የሚበላው ደግሞ ከሥር የተደበቀው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ያለውን ጫና አከበደው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። እንግዲህ በእጅ ያለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ እንደ ቤትና እንደ ቦታ ተጠብቆ የሚያዝ ሀብት ሆኗል ማለት ነው። መለዋወጫው ግን ከውጭ የሚመጣ ነውና ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል።

በዚህ ምክንያት ከሶማሌ ተራ ዕቃውን ገዝቶ በግቢው ውስጥ ራሱ የሚገጥም ባለ መኪና ቢበዛ አያስገርምም። የሚነቀፍበት ምክንያትም የለም። የታይሮድ ጫፍ መለወጥ ለጥንቁቅ ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም። መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ መደገፊያ ማቆም፣ አሮጌውን ከመፍታት በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ ሲፈታ ስንት ዙር እንደወጣ መቁጠር፣ አዲሱንም በዚያው ልክ ማስገባት፣ ዳዶውን አጥብቆ የሚቆልፈውን ሽቦ በአዲስ መተካት ነው። አሮጌውን ሽቦ አቃንቶ መልሶ ማስገባት ቁጠባ አይባልም። ዳዶው ላልቶ ጫፉ ከወጣ ጎማው መሪውን መታዘዝ ያቆማል፤ ይህም ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው ሥራው አለቀ ከተባለ በኋላ ነው። ዙሩ ተቆጥሮ ቢገባም አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በርዝመት በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። በጥርሱ ላይ የግማሽ ዙር ስህተት እንኳ ጎማው የሚያይበትን አቅጣጫ ይለውጣል። መሪው ቀጥ ብሎ ስለታየ ብቻ «ተስተካክሏል» ብሎ መንዳት ታዲያ ሳይቆጥሩ ብር እንደ መቀበል ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፊት ቸርኬዎች ስፋታቸው ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩል ሲለካ ከኋላው በ4 ሚሊ ሜትር ቢያንስ፣ ልዩነቱ ከመቶ አንድ ነው። ሁለቱ ጎማዎች በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በ10 ሜትር ሊቀራረቡ ይፈልጋሉ ማለት ነው። አንድ መኪና ላይ ታስረዋልና መቀራረብ አይችሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃሉ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የምትሠራ ሚኒባስ እያንዳንዱን የፊት ጎማ ግማሽ ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ስትፈትግ ትውላለች። ባለ ንብረቱ የቀን ገቢውን ቆጥሮ ኪሱ ሲያስገባ፣ የጎማው ጠርዝ ደግሞ በዝምታ ያወጣዋል።

ይህን በቤት መለካት ይቻላል። ሜዳማ ቦታ፣ በትክክል የተነፋ ጎማ፣ መሃል ላይ የቆመ መሪና ከመኪናዋ በሁለቱም ጎን እኩል ርቀት ላይ የተወጠረ ክር ይበቃል። ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይነበባል። መኪናዋ ከክሪክ ከወረደች በኋላ ጥቂት ሳትገፋና ሳትወዛወዝ የተወሰደ ልክ ግን ያታልላል። ቪትዝን በመሰሉ ትናንሽ መኪኖች ከፊት በኩል በዋናነት የሚስተካከለው ይኸው የጎማው አቅጣጫ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የተሠራ የክር ሥራ አይናቅም።

ይሁንና ክር ልኩን የሚያውቀው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ጎማው ወደ ጎን ያዘነበለበትን ልክ፣ ከጉድጓድ ጋር ተጋጭቶ የተጣመመ እጅጌን፣ መሪው ከዞረ በኋላ ራሱ የሚመለስበትን ዘንበል ክር አይናገርም። የመሪውን መዞር በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠሩ አዳዲስ መኪኖችማ ከአላይመንት በኋላ የመሪው መሃል በመሣሪያ እንዲነገራቸው የሚጠይቁ አሉ። ስለሆነም የክሩ ሥራ መኪናዋን ጎማ ሳትበላ እስከ አላይመንት ማሽን ለማድረስ እንጂ ማሽኑን ለመተካት አይደለም።

«ማሽን ቤት ሄጄም አልተስተካከለልኝም» የሚሉ ባለ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። እውነት አላቸው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። የላላ ታይሮድና ያለቀ ቦል ጆይንት ሳይለወጥ የሚሠራ አላይመንት፣ መሠረቱ ሳይጠና የሚቀባ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ያለቀው ይለወጥ፣ ከዚያ ይለካ። ሥራውን የሚያከብር ባለ ማሽንም ጎማውን ሳይነቀንቅ ገንዘብ መቀበል የለበትም።

መፍትሔው ከገበያው እጅ አይርቅም። የአላይመንት ማሽን ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልክ የያዘ ወረቀት ማውጣት ይችላል። ይህ ወረቀት ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። ገዢ ይጠይቀው፤ ደላላም «እጅ አልነካትም» ከማለት ይልቅ ያሳየው። የተለወጠ ዕቃ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ተለውጦ ሳይለካ መሸጡ ነው። ወረቀት የሌላት መኪና ከዋጋዋ ላይ የሁለት ጎማ ሒሳብ ይቀነስባት። ያን ጊዜ ሻጩ ሳይነገረው ወደ ማሽን ቤት ይሄዳል።

የዓመቱ ቦሎ መኪናዋ በአንድ ቀን እንዴት እንደነበረች ይመሰክራል እንጂ ከወር በኋላ ስለተገጠመ ዕቃ አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ በጥቂት ብር የሚዘጋው የአራት ሚሊ ሜትር ዕዳ ነገ በጎማ፣ ከዚያም በሚበልጥ ነገር እንዳይከፈል ሻጭም ገዢም ከሥር አጎንብሶ ማየት ይልመድ።